ባዶውን መለካት

የያዙን ሻማ ተሸክመን ነው።

ላፍቶ ካለ አንድ የጅምላ ሱቅ በካርቶን ገዝተን በኮንትራት ታክሲ ወደ ቤተ ሙከራችን እየወሰድን ነበር። ባለሱቁ ካርቶኖቹን ሲደረድርልን «ለየትኛው ንግሥ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ባልደረባዬ ፊቱን ሳይለውጥ «ለኒውትሮን» አለው። ሰውዬው እሱ የማያውቀው ታቦት መስሎት «በሰላም ያድርሳችሁ» ብሎ ሸኘን። መንገዱን ሙሉ በዚህ ስንስቅ ቆይተን ለቡ መብራት ኃይል ስንደርስ ፍተሻ ገጠመን።

ወቅቱ ሰው የሚታፈስበት ወቅት ነበር። ፈታሹ አንዱን ካርቶን ከፍቶ አየና «ይኼ ሁሉ ሻማ ምን ሊሠራ ነው?» አለ። ባልደረባዬ ወደ ውጭ ማየቱን መረጠ። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ የተጠየቅኩትን ሳልመልስ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሰሙን አቅልጠን በርሜል ዙሪያ እንደምናፈስሰው፣ በርሜሉ ውስጥ ጨረር የሚሰጥ ትንሽ ነገር እንዳለ፣ ሰሙና በጀሪካን የምንደረድረው ውሃ ያንን ጨረር እንደሚያስቀሩልን ማስረዳት ጀመርኩ። «ጨረር» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰውዬው ፊት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ስልኬን ተቀበለኝና ሥዕሎቹን አገላበጠ። በርሜል፤ በርሜሉን የከበቡ ቢጫ ጀሪካኖች፤ አጠገባቸው አውራ ጣቱን ቀስሮ የሚስቅ ባልደረባዬ።

እውነቱን ለመናገር ሻማው ሰበብ ነበር። ባልደረባዬ ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ሌሎቻችን በየኮሪደሩ የምናንሾካሹከውን ነገር በማይክራፎን ተናግሮታል። ስሙ ከሻማው በፊት ደርሷቸው ነበር። ጣቢያ ስንደርስ እሱን ወደ አንድ ወገን፣ እኔን ወደ ሌላ ወገን ወሰዱን። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ አስረክቤ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ገባሁ።

ክፍሉ እስከ ወገብ ድረስ ሰማያዊ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ኖራው የተላላጠ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ወሬ ይቆማል። መስኮቱ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በሽቦ የታጠረ ነው። ሰማይ በደንብ አያሳይም፤ ድምፅ ግን ያስገባል። ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ረዳቶች «ጀሞ! ጀሞ! የሞላ!» እያሉ ይጮሃሉ። የኔ ቤት ጀሞ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የጎደለው ታክሲ በተጣራ ቁጥር አንዱ ወንበር የኔ ይመስለኝ ነበር።

የክፍሉ አለቃ፣ እስረኛው እንደሚለው ካቦው፣ ቀድሞ የወረዳ ሠራተኛ የነበረ ቀጭን ሰው ነው። ለምን እንደታሰረ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን የቤቱን ሕግ አስረዳኝ። አዲስ ገቢ በሩ አጠገብ ይተኛል። ስንቅ የመጣለት ላልመጣለት ያካፍላል። ከምርመራ የተመለሰ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ምንም አይጠየቅም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ትምህርት አለ፤ ሁሉም ሰው ተራው ሲደርስ የሚያውቀውን ያስተምራል። ከኔ በፊት አንዱ የመኪና ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ አስተምሯል፤ ሌላው ስለ ውርስ ሕግ።

«አንተስ ምን ታስተምረናለህ ቲቸር?» አለኝ።

«ኒውትሮን ከአተም እምብርት ጋር ተጋጭቶ እንዴት እንደሚነጥር።»

ካቦው ትንሽ አሰበና «ይሁን፤ ከውርስ ሕጉ አይብስም» አለ።

አጠገቤ የሚተኙት አንድ አባት ነበሩ። የላፍቶ ገበሬ ናቸው፤ አባቶቻቸውም እዚያው አርሰው እዚያው ያለፉ። እኛ ሁላችን «አባባ» እንላቸዋለን። የድንበር ችካል ሊተክሉ ከመጡ ሰዎች ጋር ተጣልተው ነው የገቡት። ጀሞ እንደምኖር ስነግራቸው የትኛው ብሎክ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «እሱ የሽንብራ ማሳዬ ነው» አሉኝ። ቂም አልነበረበትም፤ ጎረቤት እንዳገኙ ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር። «ውሃ ይወጣላችኋል?» አሉ ቀጥለው። በፈረቃ ነው አልኳቸው። «እኛ እያለን ምንጭ ነበረው» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

መርማሪው የጠራኝ አንድ ጠዋት ነው። ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሸሚዙ በጥንቃቄ የተተኮሰ ሰው ነበር። አልጮኸም፤ አልነካኝም። ወንበር ሰጠኝ። ይህንን የምጽፈው የደረሰብኝን ግፍ ለመዘርዘር አይደለም፤ ብዙ ሰው ከኔ የባሰ ደርሶበታል። የኔው አደጋ ከአንድ ጨዋ ሰው ጨዋ ጥያቄ መጣ።

«ስለ ሥራችሁ ባለሙያ ጠይቀናል» አለኝ። «ሰሙም ውሃውም እንዳልከው ነው። አንተ ላይ ምንም የለንም። ቃልህን ስጥና ዛሬ ማታ ቤትህ ግባ።»

«ደስ ይለኛል» አልኩ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጓደኛህ ያንን ዕቃ ለሌላ ዓላማ ሊያውለው ይችላል?»

«የሚያደርገው አይመስለኝም።»

«ይመስለኛል አይመስለኝም አይደለም የጠየቅኩህ። ይችላል ወይስ አይችልም?»

«ለዓመታት አብረን ሠርተናል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼበት አላውቅም።»

«መቶ በመቶ እርግጠኛ ነህ?»

እዚህ ላይ ሙያዬ መለሰልኝ እንጂ እኔ አልመለስኩም። መለካት ሥራው የሆነ ሰው «ዜሮ» አይልም። አንድ ነገር አላየሁም ሲል፣ ካለም ከዚህ ያንሳል ማለቱ ነው። ቁጥር በጻፈ ቁጥር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ጎኑ ላይ ይጽፋል፤ ያንን ያልጻፈ ወይ ጀማሪ ነው ወይ ዋሾ ነው። ስለዚህ ቀና ብዬ ተቀምጬ «መቶ በመቶ የሚባል ነገር የለም» አልኩት። «ስለ ምንም ነገር ዜሮ ነው አይባልም። በጣም በጣም ትንሽ ነው ይባላል እንጂ።»

መርማሪው ፈገግ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሐቀኛ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሊያትመው ሲል መብራት ጠፋ። በጣቱ ጠረጴዛውን እያንኳኳ ጥቂት ጠበቀና «ከሰዓት ትፈርማለህ» ብሎ መለሰኝ።

ክፍሉ ስገባ ካቦው በሃይላንድ ውሃ አቀበለኝ። ጠጣሁ። «ማታ እወጣለሁ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ባለቤቴ በር ላይ ያቀበለችውን ምሳ ተካፈልን፤ ከዚያ ካቦው «ሳትወጣ ተራህን ተወጣ» አለኝ። እውነትም የትምህርቱ ተራ የኔ ነበር።

የቤቱ ሰዎች ከዳቦ ልብ ቼዝ ይሠራሉ። ዳቦውን በምራቅ አሽተው፣ ቅርጽ አውጥተው ሲያደርቁት ድንጋይ ይሆናል። ከዚያው ድብልብል ኳሶች ሠርተውልኝ ነበር። ወለሉ ላይ አንድ ነገር አስቀመጥኩና በላዩ ፎጣ ወጠርኩበት፤ ምን እንደሆነ ማንም እንዳያይ፣ ኳስ ግን ከሥሩ እንዲያልፍ አድርጌ።

«የአተም እምብርት በዓይን አይታይም» አልኩ። «በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚመስል ማወቅ ስንፈልግ ትንንሽ ኳስ እንወረውርበታለን። ኒውትሮን ማለት ያቺ ኳስ ናት። ስንቷ ነጥራ ተመለሰች፣ በየት በኩል ወጣች ብለን እንቆጥራለን። እምብርቱን አልሰበርነውም፣ አልለወጥነውም፤ ኳሷም አልተሰበረችም። መንጠር ብቻ ነው።»

«ለዚህ ነው የታሰራችሁት?» አለ አንዱ።

«ለዚህና ለሻማው።»

ኳሶቹን እየተቀባበሉ ማንከባለል ጀመሩ። አንዳንዷ ቀጥ ብላ አለፈች፤ አንዳንዷ ወደ ወርዋሪው ተመለሰች፤ አንዳንዷ ወደ ጎን ወጣች። ሳሙና ነው፣ ጫማ ነው፣ ኩባያ ነው እያሉ ተከራከሩ። ካቦው የወረዳ ሥራው ትዝ ብሎት ግድግዳው ላይ በጥፍሩ ጭረት እያደረገ ይቆጥራል። ሰው ሁሉ ልጅ ሆኖ ነበር። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም፤ ማንም ስልኩን አያይም።

ጥቂት ሲቆይ ዕቃውን ከፎጣው ሥር ሳላሳያቸው በጋቢ ሸፍኜ አወጣሁት። «አሁን ደግሞ ባዶው ላይ እንወርውር» አልኩ።

«ባዶው ላይ ለምን?» አሉ አባባ። «ምንም የለበትም እኮ።»

«ይወርውሩበት እስቲ።»

ወረወሩ። ኳሷ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባችና ታጥፋ በጎን ወጣች። ሌላው ወረወረ፤ የሱም በዚያው ታጠፈች።

«ዋቃዮ!» ብለው አባባ በኦሮምኛ ፈጣሪያቸውን ጠሩ። «ባዶውም ይመልሳል?»

«ይመልሳል» አልኩ። «ወለሉ ይመልሳል፣ ግድግዳው ይመልሳል፣ አየሩም ይመልሳል። በኛ ሥራ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ናሙናውን አስቀምጠን እንቆጥራለን፤ ከዚያ እናነሳውና ባዶውን እንደገና እንቆጥራለን። ባዶው የመለሰውን ከዋናው ላይ እንቀንሳለን። ያን ያላደረገ ሰው ወለሉ የሠራውን ሁሉ በናሙናው ላይ ይለጥፋል። ያላጠፋውን ነው የሚ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። ሰዉ የቀረውን ይጠብቃል። ጠዋት የሰጠሁት መልስ ነው ፊቴ የተደቀነው። ስለ ባልደረባዬ ተጠይቄ ዜሮ አልልም ብያለሁ፤ ልክ ነው። ግን ስለማን ነው ዜሮ የምለው? ስለ ማንም አልልም። የሰጠኋቸው ባዶው ያልተቀነሰለት ቁጥር ነበር። የሰው ልጅ ሁሉ የሚመልሰውን አንዱ ሰው ላይ ለጥፌ ነበር።

«ምን ሆንክ ቲቸር?» አለ ካቦው።

ነገርኳቸው። ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ካቦው ጭረት ያደረገበትን ጥፍሩን እያየ «ወረዳ እያለሁ ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ» አለ። «‹ሊሆን ይችላል› የሚል ቃል እላይ ሲደርስ ‹ነው› ሆኖ ነው የሚነበበው። ፈረምክ?»

«መብራት ጠፍቶ ነው እንጂ እፈርም ነበር።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» አለ አንዱ ከጥግ።

«ተወው አቦ፤ ፊርማው ገና ከእጁ አልወጣም» አሉ አባባ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «መብራቱን ያጠፋውን ሰው እድሜ ይስጠው» ብለው መረቁ። አገሩ ሁሉ የሚረግመው ሰው እንዲህ ሲመረቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሁላችንም ሳቅን።

ፈራሁ። ይህንንም ልናገር። ፊርማውን ከፈረምኩ ማታ ቤቴ ነኝ፤ ባልደረባዬ ግን በኔ ቃል ይከሰሳል። ካልፈረምኩ እሱ ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ እኔ እንደማልወጣ ግን አውቃለሁ። ረዳቱ ከአጥሩ ማዶ ጀሞ፣ ጀሞ ይላል።

መብራት መጥቶ ሲጠሩኝ ወረቀቱ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መርማሪው ራሱ አነበበልኝ። «ባልደረባዬ ዕቃውን ለሌላ ዓላማ ሊያውለው የሚችል መሆኑን አልክድም» ይላል።

«እንደዚህ አላልኩም» አልኩ።

«ዜሮ ነው አልልም አላልክም?»

«ብያለሁ። ያ ግን የመልሱ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ አልጠየቁኝም።»

«ሌላው ግማሽ ምንድን ነው?»

«ይህንኑ ጥያቄ ስለ ሌላ ሰው ቢጠይቁኝ ምን እንደምል።»

«ስለማን?»

«ስለ ታክሲ ነጂው። ሻማውን ስለሸጠልን ሰው። ስለ እናቴ። ስለ እርስዎም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስለኔ ብትጠየቅ ምን ትላለህ?»

«ዜሮ ነው አልልም።»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ አሳለው። መርማሪው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ተቆጥቶ እንደሆነ ወይም ሊስቅ ፈልጎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ትፈርማለህ አትፈርምም?» አለ በመጨረሻ።

«የጎደለውን ጽፌ እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን ወደኔ ገፋው። ዓረፍተ ነገሩ ሥር ባለው ክፍት ቦታ በእጄ ጻፍኩ። «ስለ ማንኛውም ሰው፣ ስለ መርማሪዬና ስለ ራሴም ጭምር ብጠየቅ መልሴ ይኸው ነው። በባልደረባዬ ላይ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር አላየሁም።» ተማሪ ፊት ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ፊደሉን አስተካክዬ ነው የጻፍኩት። ፊርማዬን ያሳረፍኩት ከዚያች መስመር ሥር፣ ሌላ ነገር እንዳይጨመርባት አስጠግቼ ነው።

አነበበው። «በዚህ ማታ ቤትህ የምትገባ ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም።»

«መቶ በመቶ?»

«በዚህኛውስ ወደዚያ እጠጋለሁ» አልኩት።

ክፍሉ ስመለስ ካቦው ውሃ አቀበለኝ። ጠጥቼ ስጨርስ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ መመለሴን አይተዋል። አባባ ጋቢያቸውን ግማሹን ወደኔ ሳቡልኝ። ፎጣው ሥር የነበረው ምን እንደሆነ ንገረን ብለው የጮሁብኝ በማግስቱ ነው። ሳሙና ነበር፤ ካቦው ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር አለ።

የቀረውን ክረምት እዚያው አሳለፍኩ። ባልደረባዬ ከኔ ቀድሞ እንደተፈታ ባለቤቴ በስንቅ ሰዓት ነገረችኝ። የጻፍኳት መስመር ትሁን ሌላ ነገር የፈታው አላውቅም። ያንን ሊነግረኝ የሚችል ባዶ ልኬት የለኝም። በዚያች ቀን ግን የበላሁት ሽሮ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ከተፈታሁ በኋላ ጀሞ አንድ ጁስ ቤት ተገናኘን። ከስቷል። አቮካዶና ማንጎ አዘዝን፤ ስለ ዲፓርትመንቱ፣ ስለ ኪራይ፣ ማን ከአገር እንደወጣ አወራን። በኋላ ስለዚያ ወረቀት ነገርኩት፤ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ እያዞረ ሰማኝ።

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር» አለ። «ስለ አንተ። ያንኑ ጥያቄ።»

«ምን አልክ?»

«በፍጹም አልኳቸው።»

«መቶ በመቶ ነህ ወይ አላሉህም?»

«አሉኝ። አዎ አልኩ። ዜሮ ነው አልኳቸው።»

ይህ ሰው ተማሪ የስህተቱን መጠን ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ካመጣ ግማሽ ነጥብ የሚቆርጥ፣ ይቅርታ ቢሉት የማይሰማ መምህር ነው። ተማሪዎቹ አውጥተውለት የሚጠሩበት ስም እንኳን ከዚያው የመጣ ነው።

«እንዴት ዜሮ ትላለህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው በእውነት የገረመው ይመስል ነበር።

«አንተን ለክቼህ አላውቅማ» አለኝ።

የጻፍኩት መስመር ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምጽፈው። ባልደረባዬ ወደ ቤተ ሙከራው አልተመለሰም፤ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። በርሜሉን የከበበውን ሰም ያቀለጥኩት ከተማሪዎቼ ጋር ነው። ባዶውን ሳትለኩ እንዳትመጡ እላቸዋለሁ፤ ይህ አልተለወጠም። ስለሱ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ግን «በፍጹም» እላለሁ፤ ጎኑ ላይ ምንም አልጽፍበትም።